የሌለውን ዳግም ዘር አለ አልሁት

የካቲት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ሰሌዳና ሁለት ጠረጴዛ ባለበት ቢሮዬ ውስጥ፣ እኔ እውነቱን ሐሰት ነው አልሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልተናገርሁም፤ ለእኅቴ አልተናገርሁም። ለነፍስ አባቴ ቁጣዬን፣ ትዕቢቴን፣ የጾም ጉድለቴን ስናዘዝ ይህን አስቀርቻለሁ። «የሒሳቡን ነገር እንዴት አድርጌ አስረዳቸዋለሁ?» እል ነበር። የትምህርቴን ክብደት መሸሸጊያ አደረግሁት። ሰው ዋሽቼ በደልሁ ለማለት ግን ምን ያህል ሒሳብ ያስፈልጋል?

እንግዲህ በዚያም እንዳልሸሸግ ነገሩን ላስረዳ። የማጠናው ዩኒፖተንት የሚባሉ ግሩፖችን ነው። ግሩፕ አባላቱን እርስ በርስ እያጣመርን፣ ያጣመርነውንም እየፈታን የምንሠራበት የሒሳብ አካል ነው። እያንዳንዱ ግሩፕ ፊልድ በምንለው የቁጥር ዓለም ላይ ይቆማል። እኔ የምሠራበት ዓለም ለየት ያለ ነው፤ አንድና አንድ ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ፤ ለአንዳንዱ ቁጥር ደግሞ ዳግም ዘር፣ ማለትም ከራሱ ጋር ተባዝቶ ያንን ቁጥር የሚሰጥ ሌላ ቁጥር፣ አይገኝለትም። አንዳንድ ጊዜ በዚህ ዓለም ውስጥ የተለያዩ ሁለት ግሩፖች፣ የጎደለውን ዳግም ዘር ሁሉ ጨምረን ፊልዱን ስናሰፋው፣ ልዩነታቸው ይጠፋና አንድ ይሆናሉ። እንዲህ ያሉትን ፎርሞች እንላቸዋለን። የእኔ ሥራ ፎርሞቹን መመደብ ነበር፤ የትኛው በእርግጥ ከየትኛው አንድ እንደሆነ፣ የትኛው ከሩቅ ብቻ አንድ እንደሚመስል መለየት።

የዶክትሬት ትምህርቴን ስጨርስ አንድ ሠንጠረዥ አሳተምሁ። ሦስት መለኪያዎች አስቀመጥሁ፤ ሁለት ፎርሞች በሦስቱም ከተስማሙ ያለ ጥርጥር አንድ ናቸው አልሁ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያቀረብሁት ማመልከቻ የቆመው በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ በዚያው በየካቲት ወር እየመረመረው ነበር።

ይትባረክ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ ነበር፤ የሮብ ገበያ አካባቢ ሰው፣ ዲያቆን፣ ወደ አስኳላ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ዓመት ቅኔ ቤት የቆየ። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲደርስ የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል። መምህሩ ከመለሱበት ለምን ብሎ አይሟገትም፤ ሄዶ ሌላ ይቆጥራል። ይትባረክ ሒሳቡንም እንዲሁ ነበር የሚያመጣልኝ። በጭንቅላቱ ጨርሶ ይመጣና ሰሌዳው ፊት ቆሞ ይነግረኛል፤ «አይሆንም» ካልሁት ያጠፋና ይሄዳል። ይህን ጠባዩን ዐውቅ ነበር። ዐውቄም ተጠቀምሁበት።

በዚያ ቀን ሲገባ፣ ቢሮውን የሚጋሩኝ አንጋፋው ባልደረባዬ ጋሽ ደምስ ወደ ክፍል ሊሄዱ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ጠመኔ ሲያነሣ አዩና፣

«ዲያቆን፣ የዛሬው ማሕሌት ስንት ሰዓት ይፈጃል? መቋሚያ ላምጣልህ?» አሉት።

«ሁለት ያምጡ ጋሼ፤ ለእርስዎም ያስፈልግዎታል» አላቸው።

እየሣቁ ወጡ። ይትባረክ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መምህርት፣ ከሠንጠረዥዎ ያመለጡ ሁለት አሉ መሰለኝ። በሦስቱም መለኪያ እኩል ናቸው። አንድ ይሁኑ ብዬ ሳምንት ሙሉ ብለምናቸው እንቢ አሉኝ።»

መጻፍ ጀመረ። ስድስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ እኔ አወቅሁ። በታተመው ሥራዬ ዐሥራ አንደኛ ገጽ ላይ፣ ፊልዱ የሌለውን ዳግም ዘር እንዳለ ቆጥሬ አልፌ ነበር። ለማንኛውም ቁጥር ዳግም ዘር በሚገኝበት ፊልድ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሠራሁ እጄ ለምዶ ነው ያሳተኝ። ያ ስህተት ነበር፤ ስህተት ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቴ ቀጥሎ የመጣው ነው።

«ስድስተኛው መስመር ልክ አይደለም» አልሁት። «ይህ ቁጥር ዳግም ዘር አለው።»

ጠመኔውን እንደያዘ ዞረ። «በዚህ ፊልድ ውስጥ?»

«በዚህ ፊልድ ውስጥ።»

ያ ቁጥር ዳግም ዘር እንደሌለው ያስተማርሁት እኔው ነኝ፤ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ። ቁጥሩን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና ቁጥሩን አየ።

«እሺ፣ መምህርት። እኔ ያላየሁትን እርስዎ አይተው ይሆናል።»

ማጥፊያውን ፈልጎ አጣው። በኮቱ እጅጌ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር አጠፋ፤ እጅ ነሥቶም ወጣ።

እኔ ዋሸሁት። ረቂቅ ውሸት እንኳ አልነበረም፤ ጀማሪ ተማሪ የሚያውቀው ውሸት ነበር። ሲያጠፋ ምን ያስብ ነበር? መዋሸቴን አውቆ አፍሮልኝ ይሆን? ወይስ ከገዛ ዐይኑ ይልቅ እኔን አምኖ? የመጀመሪያው ከሆነ ክብሬን የጠበቀልኝ የበደልሁት ሰው ነው። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ሥራውን ብቻ አይደለም ያጠፋሁበት፤ የሚያውቀውን ነገር ማወቁን ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ለመጠየቅም ፊት የለኝም። ዛሬም ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ስድስተኛው መስመር ላይ እጄ ይቆማል። ተማሪ «ገባኝ» ሲለኝ እፈራለሁ፤ እውነት ገብቶት ነው? ወይስ እኔ ስላልሁት ነው?

እኔ ማዕረጉን አገኘሁ። ይትባረክ በሌላ ርእስ ላይ ቀጭን የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፎ በመካከለኛ ውጤት ተመረቀ። ያቺ የሰሌዳ ሥራ ለዶክትሬት ታበቃው ነበር፤ ቀጭኗ ጽሑፍ ግን አላበቃችውም። አሁን ይጁቤ ከተማ ልጆች ያስተምራል። ባለፈው ዓመት አምበር ከተማ መኪና ስጠብቅ አገኘሁት። ከሩቅ አይቶኝ እየሮጠ መጣ።

«መምህርት! ደኅና ነዎት? ሠንጠረዡስ ደኅና ነው?»

ከድምፁ ውስጥ ሽሙጥ ፈለግሁ። ሽሙጥ ባገኝ ይቀለኝ ነበር፤ አላገኘሁም።

«ደኅና ነው» አልሁት፤ እንደገና ዋሸሁ። «አንተስ፣ አሁንም ትቆጥራለህ?»

«ለልጆቹ የሚበቃ ያህል» አለና ቦርሳዬን ተቀብሎ መኪናው ላይ ጫነልኝ።

ባለፈው ወር ሥራዬን ላሳተመው መጽሔት የእርማት ደብዳቤ ላክሁ። ሠንጠረዡ ስህተት መሆኑን፣ ያመለጡትን ሁለት ፎርሞች ያገኘውም ይትባረክ መሆኑን ጻፍሁ። ለእርሱም ግልባጩን ላክሁለት። እስካሁን መልስ አልሰጠኝም። ደብዳቤው በእርጋታ የተጻፈ፣ ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ የሚያነበው ሰው ቅን ሴት ናት ይለኛል። ስለዚህም ነው ይህን የምጽፈው፤ በደብዳቤው ውስጥ የማግስቱ ጠዋት የለበትም።

የካቲት 14 ቀን አመሻሽ፣ እራት ሳይቀርብ፣ የይትባረክን መስመሮች ከትውስታዬ አንድ በአንድ ጻፍኋቸው። መረመርኋቸው። አንድም ግድፈት አልነበረባቸውም። ስለዚህ የከሰዓቱን «ደንግጬ ነው» ብል ምናልባት የሚያምነኝ ይገኝ ይሆናል፤ የጠዋቱን ግን ማንም ሊያምነኝ አይገባም።

የካቲት 15 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ይትባረክ የርእስ መለወጫ ቅጽ ይዞ ገባ። «ያኛው ካልሆነ ሌላ ልቁጠር ብዬ ነው» አለ። ከቅጹ ግርጌ የአማካሪው አስተያየት የሚሰፍርበት ሁለት መስመር ባዶ ቦታ ነበር። እኔ ደኅና ተኝቼ ነበር፤ ቁርሴን በልቼ ነበር። ነገሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ ያም ሰው መምህሩን እንደማይሟገት፣ ኮሚቴው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚወስን አሰብሁ። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል አስቤ ወሰንሁ። «የተማሪው ማረጋገጫ ስህተት ሆኖ ስለተገኘ ርእሱ እንዲለወጥ ተስማምቻለሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ ቀኑን አሰፈርሁ፤ ፈረምሁ።

ይትባረክ ቅጹን በሁለት እጁ ተቀበለኝና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ።