በመርከብ መሄድ ወይስ በመርከብ መመለስ

ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» የሚለው ፀጉር አስተካካይ በዕድሜ ዘመኑ መርከብ የነዳው በወሬ ብቻ ነው። ጎረምሳ ሳለ በአንድ የጭነት መርከብ ላይ ሽንኩርት ለመላጥ ተቀጥሮ ነበር። መርከቡ ገና ወደቡን ሳይለቅ ሆዱ ተገለበጠ፤ አስታወከ፣ አልጋ ያዘ። መጀመሪያ በደረሱበት ወደብ አራገፉትና በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ታዲያ ይህን ለማን ይንገር? «የት ጠፍተህ ከረምክ?» ሲሉት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «መርከብ ስነዳ» አለ። አንዴ ከአፉ ወጣች፣ አለቀ። ፀጉር ቤቱን ሲከፍትም ከመስታወቱ በላይ የመርከብ ሥዕል ሰቀለ። ደንበኛው ጨርቁ አንገቱ ላይ ከታሰረ በኋላ ማምለጫ ስለሌለው ማዕበሉን ሁሉ ሰምቶ ይነሳል። ሚስቱም ያገባችው ይህንኑ ማዕበል ሰምታ ነው።

ሚስቱ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። አንድያ ልጃቸው ባሕር ማዶ ካገባች ወዲህ አይተዋት አያውቁም። በዚህ ዓመት ልጅቱ ደወለችና፣ «አንዱን መንገድ በመርከብ፣ ሌላውን በአውሮፕላን ላድርግላችሁ። በመርከብ መምጣት ነው የምትፈልጉት ወይስ በመርከብ መመለስ? ተማከሩና ንገሩኝ» አለቻቸው።

እናት መማከርም አላስፈለጋት። «በመርከብ እንመጣለን! አንቺ ወደቡ ላይ ትቆሚያለሽ፤ እኔ ደግሞ ቢጫ ሻርፕ ይዤ ከላይ ሆኜ አውለበልብልሻለሁ። ከሩቅ ጀምሬ ቀስ እያልኩ እያየሁሽ ልምጣ» አለች። በዚያው ቀን ከትራፊ ጨርቅ ሻርፑን ቆርጣ ጠርዙን መዘምዘም ጀመረች።

ካፒቴን ግን ላብ በላብ ሆነ። በመርከብ ከሄዱ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሊሸኘው ወደብ ይወርዳል። ካፒቴን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲያስታውክ! ሲደርሱ ደግሞ አማቹ ደግፎ ያወርደዋል። በመርከብ ከተመለሱ ግን ሲታመም የሚያየው ባዕድ ነው፤ የሚደርሱበትን ቀንም ለሰፈሩ አይናገርም። ሚስቱን «የበላሁት ነገር ነው» ብሎ ያታልላታል።

«አየሽ» አላት እራት ላይ፣ «ወደዚያ ሲኬድ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፤ ሞገዱም ይከፋል። በመመለሻው ግን ነፋሱ ከኋላ እየገፋ፣ እሹሩሩ እያለ ነው የሚያመጣሽ። እኔ ባሕሩን አውቀዋለሁ።»

«ልጄ ግን ወደቡ ላይ…»

«ኤርፖርትም ትቆማለች እኮ! ምን ልዩነት አለው?»

 ሚስቱ «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አለችና ያልጨረሰችውን ሻርፕ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ያቺ «አንተ ታውቃለህ» ሆዱን ስትበላው ሰነበተች፤ ቢሆንም አፉን አልከፈተም። እንዲህም ያለ ፈሪ አለ!

በአውሮፕላን ሄዱ። ኤርፖርቱ ውስጥ ሰው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። እናት ሻንጣዋን ጎንበስ ብላ ስታነሳ ልጅቱ ከኋላ መጥታ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱም፤ ግን አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ «እባካችሁ አሳልፉኝ» እያለ ይነተርካቸው ነበር። የስንት ዓመት ናፍቆት በዚህች አለቀ።

የመመለሻው ቀን ካፒቴን ፌስታል ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ መርከቡ ላይ ወጣ። ሚስቱ ቢጫውን ሻርፕ ይዛ መጥታለች፤ ጠርዙን ልጅቱ ቤት ጨርሳዋለች። ከኋላ በኩል የብረት መደገፊያውን ይዛ ቆመች። ልጅቱ ከታች እጇን ታውለበልባለች። መርከብ ደግሞ እንደ አውሮፕላን ብድግ ብሎ አይጠፋም፤ ቀስ ይላል። መጀመሪያ የልጅቱ ፊት ጠፋ፣ ቀጥሎ እጇ፣ ከዚያ ቀሚሷ ነጥብ አከለ። እናት ማውለብለቧን አላቆመችም። ነጥቡ ከጠፋም በኋላ ወደቡ ገና ይታይ ስለነበር ለወደቡ አውለበለበች። እንባዋ ድምፅ ሳያሰማ በአገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

ካፒቴን አጠገቧ ቆሞ ሆዱ እስኪገለበጥ ጠበቀ። ሆዱ ዝም። ምራቁን ዋጥ አድርጎ ደግሞ ጠበቀ፤ ምንም። ይህ መርከብ እንደ ፎቅ ቤት ነው፣ ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ከሆነ ሲሄዱም ባልታመመ ነበር! ያ ሁሉ ቀስ ማለት የመገናኛ ይሆን ነበር፤ ነጥቡ ቀሚስ፣ ከቀሚሱ እጅ፣ ከዚያ የልጇ ፊት እየሆነ ይመጣላት ነበር። እሱ ገልብጦ መለያያ አደረገባት። እፍረት ከእግር እስከ ራሱ አቃጠለው፤ ያኔ ቢያስታውክ በወደደ።

«እውነቱን ልንገርሽ…» ብሎ ጀመረ።

ሚስቱ እንባዋን በሻርፑ ጠረገችና ክንዱን ያዘች። «ተወኝ፣ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ሆድ ብሶኝ ነው» አለች። «ደግሞ እንዳልከው እኮ ነው፤ ባሕሩ እንዴት ጸጥ ያለ ነው! አንተ ባታውቅልኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ካፒቴን ኪሱ ውስጥ ፌስታሉን እንደጨበጠ ቀረ።