ጾመኛው ኳስ

ኑግ ሲታመስ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ምግብ አይደለም፣ ኳስ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ለጾሙ ኑግ ስታምስ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ ገባና፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው አንድ ቡናማ የቆዳ ኳስ፣ ስፌቱ ተተርትሮ፣ እንደ እማዬ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በጨርቅ ሳሸው ታየኝ፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለው የድሮ ቤታችንም ከነሰዉ ተከትሎት መጣ።

አባባ በደብሩ መሪጌታ ነበሩ። አንኮበር ቅኔ ሲማሩ ያደጉ፣ ለዜማም ለቁጥርም የሚፈለጉ ሰው ስለነበሩ ሰፈሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸው ነበር። ልጆቻቸው ሁለት ነን፣ እኔ የሺና በሰባት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ታፈሰ። ታፈሰን በእግራቸው ሊተኩት አስበው አንኮበር ቅኔ ቤት አስገብተውት ሳለ፣ አንድ ክረምት ማንንም ሳያማክር በእግሩ መጥቶ፣ የመምህራን ማሠልጠኛውን ፈተና ተፈትኖ አለፈና ገባ። አባባ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ዝም አሉ። ታፈሰም የአባቱ ልጅ ነውና ዝም አለ። ከአንድ መሶብ እየበሉ፣ ከአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ ቃል የሚለዋወጡት በእኔ በኩል ብቻ ነበር። «ለወንድምሽ ንገሪው፣ በሩን ይዝጋ» ይላሉ አባባ፣ ታፈሰ እዚያው በሩ አጠገብ ቆሞ እየሰማ። እኔ «በሩን ዝጋ ተብለሃል» እላለሁ፤ እሱም ይዘጋና «ዘግቻለሁ በያቸው» ይላል። የነፍስ አባታችን ሊያስታርቋቸው ሁለት ጊዜ መጥተው፣ ሁለቱም «ኧረ መቼ ተጣላን!» ብለው መለሷቸው። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ምኞቴም አንድ ብቻ ነበር፤ መልእክተኛነቴ ቀርቶ ሁለቱ ሲነጋገሩ መስማት።

አባባ ዓመቱ ሊለወጥ ሲል፣ በጳጉሜ፣ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ የመጪውን ዓመት ጾምና በዓል ያወጡ ነበር፤ እንቁጣጣሽ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ለተሰበሰበው ሕዝብ «ሁዳዴ በዚህ ቀን ይገባል፣ ትንሣኤ በዚህ ቀን ይውላል» ብለው የሚያውጁት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ዓመት ጳጉሜ ግን ከጠረጴዛው በወዲያኛው ጫፍ ታፈሰ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ዘርግቶ የራሱን ነገር ይሠራ ነበር። በትምህርት ቤቱ ስምንት የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ጥሎ ማለፍ ሊጫወቱ ነው። ስምንቱን ስም ወደ ታች ደርድሮ፣ ሁለት ሁለቱን በመስመር አያይዞ ወደ አራት፣ አራቱን ወደ ሁለት አመጣና መጨረሻው ላይ ለአሸናፊው አንድ ባዶ ቦታ ተወ። ተማሪዎቹ ቡድኖቻቸውን በአካባቢው ስም ነበር የሰየሙት፤ ጣርማ በር አለ፣ ለሚ አለ፣ የታፈሰ ቡድን ደግሞ በከተማችን ወንዝ ስም በሬሳ ይባል ነበር።

አባባ ቁጥራቸውን አቋርጠው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩት። «ይህስ የተገለበጠ የትውልድ ሐረግ ነው» አሉ ለእኔ። «አንዱ ስምንት ሲወልድ አውቃለሁ፤ ስምንቱ ተፋጅተው አንድ ሲቀር ማየቴ ግን ገና ዛሬ ነው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ለወንድምሽ ንገሪው፣ ጾሙን አልቆጠረም። በመጪው ዓመት የእኛ ሁዳዴና የሰይድ ረመዳን ይገጥማሉ።»

ሰይድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው፤ የታፈሰ የትምህርትና የቡድን ጓደኛ ሆኖ በጓሮ ካለችው ክፍላችን ያድር ነበር። የቆላ ልጅ በመሆኑ የደብረ ብርሃን ብርድ መከራውን አብልቶት፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ ይንቀጠቀጣል፤ ኳስ ሲይዝ ግን ከሩቅ ቆሞ ይለቀውና ኳሱ የብረቱን ቀለበት ሳይነካ ያልፋል። ከአባባ ጋር ጨረቃ እየቆጠሩ ሲጨዋወቱ ያመሹ ስለነበር የሁለቱ ጾም መግጠሙን ያወቁት አብረው ነው። ታፈሰ ይህን ወዳጅነት ሲያይ ፊቱ ይጠቁር ነበር፤ የገዛ አባቱ ከእሱ ጋር ያጡትን ጨዋታ ከጓደኛው ጋር ሲያገኙ ማየት ያማል፣ አልፈርድበትም።

«ኳስ ጾም አያውቅም በያቸው» አለ ታፈሰ።

ከዚያ የቤቱ ሰው ሁሉ ማን እንደሚያሸንፍ ግምቱን ይስጥ ተባለ። ገና አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይደረግ፣ ልምምዳቸውን አጥር ላይ ተንጠልጥለን ከማየት በቀር የምናውቀው ነገር ሳይኖር መሆኑ ነው። ሰይድ «ኢንሻአላህ በሬሳ» አለ። እኔም በሬሳ አልኩ፣ ሌላ ብል ቤት የምገባም አይመስለኝም ነበር። እማዬ ግን ሽሮዋን እያማሰለች «ጣርማ በር» አለች።

«እማዬ! የልጅሽን ቡድን ትተሽ?» አለ ታፈሰ።

«ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩ። ከጣርማ በሮቹ አንዱ፣ ያ ረጅሙ፣ ከወንዝ ስመለስ እንስራዬን ከጀርባዬ ተቀብሎ እስከ ደጄ አደረሰልኝ። መርቄዋለሁ። ምርቃቴን ይዞ ነው የሚጫወተው፣ ምን ላድርግ?»

አባባ ቸኩለው አልገመቱም። ሁለት ቀን ሙሉ እየጠሩ መረመሩኝ፤ ረጃጅሞቹ ስንት ናቸው፣ ቁርስ ሳይበላ መሮጥ የለመደ ማን ነው፣ የሁለተኛው ዙር ጨዋታ በምን ቀን ይውላል። የማውቀውን ተናገርኩ፣ የማላውቀውንም ጨመርኩ። በመጨረሻ የመስመሩን ሥዕል እኔን አስገልብጠው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በብርዕ ጻፉበትና አራት አጥፈው የዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱት። ማኅደር መጽሐፉ የሚያድርበት የቆዳ ከረጢት ነው፤ እሱን ከእሳቸው በቀር የሚነካ አልነበረም። «እስከ ትንሣኤ እንዳይከፈት» አሉ።

ታፈሰ በኋላ ለብቻችን ስንሆን «የጻፉትን ሳላየው አውቀዋለሁ» አለኝ። «እንድሸነፍ ነው የጻፉት። ቅኔውን ትቼ የሄድኩበት ነገር የትም እንደማያደርስ በቁጥር ሊያሳዩኝ ነው።» እኔም አመንኩት፣ ምክንያቱም አባባ በቁጥር ተሳስተው አያውቁም።

ገና አልፎ ጥር ገብቶ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ሲያደርገው የኳሱ ነገር የእኛ ጉዳይ ሆነ። የበሬሳ ቡድን ኳስ ጠባቂ ታፈሰ ስለነበር ኳሱ የሚያድረው ቤታችን ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ቆዳ ያደርቃል፣ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። ታፈሰ በየሳምንቱ ለጋ ቅቤ ለምኖ በስሱ እየቀባ፣ ቆዳው ቅቤውን ጠጥቶ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ምድጃ አጠገብ ያቆየው ነበር። እማዬ «ጠጉሬ ያላገኘውን ቅቤ ኳስ አገኘው» እያለች ታጉረመርማለች፣ ግን ትሰጠዋለች።

በጥር መጨረሻ የመጀመሪያውን ዙር አሸነፉ። ማታ መሶቡ ቀርቦ ሳለ አባባ ጉንጫቸው ውስጥ ያለውን ውጠው፣ «ለወንድምሽ... ስንት ለስንት እንደሆነ ጠይቂው» አሉ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ራሴን መግዛት አቃተኝ። ቁጥሩን ነገርኳቸውና፣ ዞሬ ለታፈሰ «ጎበዝ ብለውሃል» አልኩት፤ አላሉም። ለአባባም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሏል» አልኳቸው፤ እሱም አላለም። ሁለቱም በጥርጣሬ አዩኝ፣ ግን ማረጋገጥ መነጋገር ይጠይቃልና እኔን ከማመን በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። በዚያ በጋ ብዙ ዋሸሁ፤ እስከ ዛሬም አልተጸጸትኩበትም።

ሁዳዴ ሊገባ ቅበላ ሲሆን እማዬ ዕቃዋን ሁሉ በአመድ ፈትጋ፣ የፍስኩን ለብቻ የጾሙን ለብቻ ስታደርግ ዓይኗ ኳሱ ላይ አረፈ። አሸተተችው። «ይህ ፍስክ ከቤቴ ይውጣ! ቅቤ የጠጣ ነገር ጾም ቤት ውስጥ አይከርምም» አለች። ታፈሰ «እማዬ፣ ኳስ እኮ ነው፣ አይበላም» ቢላት፣ «ሽታው ይበላል» ብላ ዘጋችው። ኳሱ ከበጎቹ ጋር በረት ገባ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያ ሁሉ ቅቤ እንዳልነበር ሆኖ፣ ቆዳው ደርቆ ስፌቱ ተከፈተ፤ ታፈሰ በሰም ክር መልሶ ሰፋው እንጂ ቅቤ ሊቀባው አልደፈረም።

የሁለተኛው ዙር ጨዋታ ከጣርማ በር ጋር፣ በሁዳዴ አጋማሽ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ ነበር። ጠዋት እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በረት ገብቼ ኳሱን አየሁት፣ አሳዘነኝም። ቅቤ ካልተፈቀደ የጾም ነገር አለ ብዬ፣ የኑግ ዘይቱን ጠርሙስ ከጓዳ አውጥቼ፣ ኳሱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እስኪያብረቀርቅ አሸሁት። እኔ ቅቤ የሚቀባው ከጨዋታ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መሆኑን የት ልብ ብዬ! አሁን ኳሱም ጾመኛ ሆነ፣ እግዚአብሔርም ደስ ይለዋል፣ በሬሳም ያሸንፋል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ታፈሰ ከክፍል ሲወጣ ልጅ ልኮ አስመጣውና በዚያው ተጫወቱበት።

ሜዳው ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ሆኜ አየሁ። ሰይድ ከሩቅ ቆሞ ኳሱን ሲለቀው ከጣቱ አምልጦ ጎን ሄደ። ደገመ፣ አመለጠው። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሞከረ፣ እንደገና አመለጠው። ኳሱ ለጣርማ በሮችም ያዳልጥ ነበር፤ እነሱ ግን ረጃጅም ናቸው፣ ከቀለበቱ ሥር ቆመው ማስቀመጥ እንጂ መወርወር አላስፈለጋቸውም። እማዬ የመረቀችው ልጅ የመጨረሻውን አስቀመጠና በሬሳ በአንድ ግብ ተሸነፈ። ካቡ ላይ እንደተቀመጥኩ እጄን አሸተትኩት፣ ኑግ ኑግ ይላል። ያን ጊዜ የሠራሁት ሥራ ገባኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤት ደረስን። ሰይድ ቴምሩን ይዞ የማፍጠሪያውን ሰዓት ይጠብቃል፤ አባባ ከቅዳሴ መልስ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ እማዬ ሁሉንም ከፊታችን አንብባለች። ታፈሰ በሩ ላይ ቆሞ፣ «የሺ፣ ለአባባ ንገሪያቸው» አለ። «ቁጥራቸው ደርሷል። ደስ ይበላቸው በያቸው።»

እንዴት አድርጌ ልንገር? ይህን ቃል ማጣፈጫ አልነበረኝም። ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። አባባ ከራስጌያቸው ማኅደሩን አወረዱ፣ ጠፍሩን ፈቱ፣ ትንሣኤን ሳይጠብቁ ወረቀቱን አውጥተው «ስጪው» አሉኝ።

ታፈሰ ዘረጋው፣ እኔም በክንዱ ሥር አየሁ። ዳር ዳሩ በጥቁር ቀለም በቁጥር ተሞልቷል፤ የጾሙ ቀን ስንተኛ እንደሆነ፣ የጨረቃዋ ሌሊት ስንት እንደሆነ፣ ሁሉ ተሰልቷል። የቁጥሩም መጨረሻ «ጣርማ በር ይበረታል» ይል ነበር። የአሸናፊው ቦታ ላይ ግን «ጣርማ በር» አልተጻፈም፣ «በሬሳ»ም አልተጻፈም። በቀይ ቀለም፣ የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት ቀለም፣ «ልጄ ወልደ ገብርኤል» ይላል። ወልደ ገብርኤል የታፈሰ የክርስትና ስሙ ነው፤ አባባ በጸሎት ሲያነሱት የሚጠሩበት ስም።

እማዬ ከኋላችን መጥታ አየችና «በስመ አብ! በቀይ?» አለች።

ታፈሰ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ ወደ መደቡ ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ ተሳሳቱ እኮ» አለ።

እኔ እንደ ልማዴ «ተሳሳቱ ብሏል» ልል አፌን ስከፍት አባባ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አውቄ ነው» አሉ። «ቁጥሩ እንደማትደርሱ ገና በጳጉሜ ነግሮኝ ነበር። አውቄ ነው የተሳሳትኩት፣ ልጄ።»

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝና «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ኑጉን ቀብቼው ነው፣ ጾመኛ ላደርገው ብዬ ነው እያልኩ ተንሰቀሰቅኩ። ከዚያ ሰይድ፣ «አዑዙ ቢላህ!» አለ። «እኔ እኮ ኳሱ ምግብ ምግብ ሲሸተኝ ሸይጧን እየፈተነኝ መስሎኝ፣ ስወረውር አፍንጫዬን አዞርኩ!» መጀመሪያ የሳቁት አባባ ናቸው። «እንግዲህ ኑግ ከመጥቅዕ የለ፣ ከአበቅቴ የለ፣ በምን ልቆጥረው ኖሯል!» አሉ፤ ሁለቱም የበዓል መቁጠሪያቸው ስሞች ናቸው። ታፈሰም ወረቀቱን ደረቱ ላይ እንደያዘ እያለቀሰ ሳቀ፣ ሄዶም አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጠ። ያን ምሽት ስለ ኳስም ስለ ቅኔ ቤቱም ብዙ ተነጋገሩ፤ እኔን የጠራኝ አልነበረም፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከፋሲካ በኋላ ዋንጫውን ጣርማ በር በላ። ከቤታችን ሰው ግምቱ የሰመረላት እማዬ ብቻ ነበረች፤ እስክታርፍ ድረስም ሳታነሳው የቀረችበት በዓል የለም።

ዛሬ አባባም እማዬም የሉም፣ ከሰይድም ወሬ ካጣን ብዙ ዓመት ሆነን። ታፈሰ ጡረታ ወጥቶ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፤ የልጅ ልጆቹ ዘንድሮም ወቅቱ ገና ሲጀምር የአሜሪካ ኮሌጆችን የቅርጫት ኳስ ውድድር ግምት በስልካቸው ይሞላሉ። ያው የተገለበጠ የትውልድ ሐረግ ነው፣ ስምንት የነበረው ከስልሳ በልጧል እንጂ። እኛ አምስታችን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተጨቃጨቅንበትን እነሱ እየራሳቸው ጥግ ይዘው ይጨርሱታል፤ የተጫዋቹን ቁመት፣ ያስቆጠረውን፣ የሳተውን ሁሉ ስልኩ ይነግራቸዋል፣ ግምታቸውም ከእኛ ይልቅ ይሰምራል። አልነቅፋቸውም። ብቻ አንዳንዴ ወረቀቱን አምጣው ይሉታል ታፈሰን፤ ጥቁሩ እንዳለ ነው፣ ቀዩ ወደ ቡናማ ሄዷል። «በዚያ ዓመት ትክክል የገመተው ማን ነበር?» ሲሉት፣ «አባባ» ብሎ ይመልስላቸዋል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ፣ አላርመውም።