የደሚቱ አምስት ሊትር

ደሚቱ ባሏን በሁሉም ነገር ታምነዋለች፤ በቤንዚን ጉዳይ ብቻ አታምነውም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለእሱማ ጭራሽ።

ገመዳ አገር ቤት ሳለ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ስቶክሆልም ከመጣ ወዲህ ሥራው በየሆስፒታሉ እየዞረ ሚዛኑና የደም ግፊት መለኪያው በትክክል መሥራታቸውን መመርመር ነው። ቀኑን ሙሉ ውሸታም መለኪያ ሲያሳድድ ስለሚውል፣ እሱ ያላየው መለኪያ ሁሉ የሚዋሽ ይመስለዋል። ከሁሉም በላይ የጠመደው የገዛ መኪናውን የቤንዚን መለኪያ ነው። እሱ እንደሚለው፣ መኪና ሠሪዎች ቸልተኛ ሰው መንገድ ላይ እንዳይቀር ብለው፣ ቤንዚኑ ሳያልቅ መለኪያው "የቀረህ ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው" እያለ እንዲያስፈራራ ያደርጉታል። ስለዚህ ዜሮ ለማያውቅ ሰው እንጂ ለሚያውቅ ሰው ዜሮ አይደለም።

ደሚቱ ይህን ትምህርት መጀመሪያ የሰማችው ከስድስት ዓመት በፊት፣ ያንን አሮጌ መኪና በገዙ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ቢጫዋ መብራት በርታ አየችና ቤንዚን አንቀዳም ወይ ብላ ጠየቀችው። መልሱ ከቤታቸው ከሶለንቱና ተነሥቶ ቴንስታ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስኪደርሱ አላለቀም። እሷ ግን በልጅነቷ ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ፣ ናፍጣ ጨርሶ ጫካ መሀል በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ከአንድ በግ ጎን ተቀምጣ ውላለች። ያንን ቀን የትኛውም ፊዚክስ ሊያስረሳት አልቻለም።

ደሚቱ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትረዳለች፤ ጠዋት ከገመዳ ቀድማ ትወጣለች። በማግስቱ ማልዳ ከማደያው አምስት ሊትር የምትይዝ ጀሪካን ገዝታ አስሞላች፤ መኪናው የቆመበት ድረስ ተሸክማ መጣችና በትርፉ ቁልፍ የታንኩን ክዳን ከፍታ ገለበጠችው። መለኪያው ከፍ ብሎ ያሳብቅብኛል ብላ ሰግታ ነበር። ነገር ግን ያ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጥቂት ሊትር ቢጨመርበት የማያስተውል ሆኖ ተገኘ።

ያን ቀን ገመዳ መለኪያው ዜሮ ካለ በኋላ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነዳ። ቤት ሲገባ ፊቱ ይበራ ነበር። ደሚቱ እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ግን የመኖሪያ ፈቃዱ ከመጣለት ቀን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። አፏን ዘጋችና እራት አቀረበች።

አንድ ቀን የተዋሸ ነገር በሁለተኛው ቀን ሥራ ይሆናል። ቢጫዋ መብራት በበራች ቁጥር ደሚቱ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ትወጣለች። ከምትረዳቸው አሮጊቶች አንዷ፣ የደሚቱ እጅ ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ሲላቸው ጊዜ፣ ጋራዥም ትሠሪያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ክረምት ሲገባ በረዶ ላይ መቆሙ ይበልጥ ስለሚያስፈራት በሳምንት ሁለት ጊዜ ትጨምራለች። ገመዳ መኪናው ከዜሮ በኋላ በበጋ ስልሳ፣ በክረምት መቶ ሃያ እንደሚሄድ መዝግቦ ብዙ ተመራመረ። በመጨረሻ፣ የዓለም መኪና ሁሉ በብርድ ቤንዚን ሲያባክን ይህ መኪና ብርድ ይወዳል ሲል ደመደመ። ይህንንም ለቤተ ክርስቲያኑ ወንድሞች አስተማረ።

እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንዶቹ ቴንስታ መኪና ማቆሚያው ላይ ይከቡታል። ሌሎቹ ሰምተው ይደነቃሉ እንጂ ዜሮ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ሲነዱ ላብ ያጠምቃቸውና ይቀዳሉ። ቶሎሳ የሚባለው ወጣት አባወራ ግን አመነ፤ በቅርቡ መኪና ስለገዛ ጋሽ ገመዳ የሚሉትን አንድም ሳያስቀር ስልኩ ላይ ይጽፋል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ልጃቸው ፌበን ጎተንበርግ ወለደችና ደሚቱ ልታርሳት ለሦስት ሳምንት ሄደች። ገመዳ ብቻውን ቀረ። መኪናውም ብቻውን ቀረ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደወለችለት። መንገድ ላይ ነበር፤ ከአገር ቤት የገዛ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ መጥተው የሰነበቱትን እትዬ ሸዋሉልን አውሮፕላናቸው ላይ ሊያደርስ ወደ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ እየነዳ ነው። ደሚቱ የሕፃኑን ዳይፐር እያሰረች፣ ቤንዚን እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። ዜሮ ካለ ቆይቷል፣ ቢያንስ ስልሳ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል አላት ዘና ብሎ።

ደሚቱ ሕፃኑን ለእናቱ አቀበለች። ብትናገር ስድስት ዓመት የተገነባ ክብር ሊፈርስ ነው። ዝም ብትል አንዲት የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ከሁለት ሻንጣ ጋር አውራ ጎዳና ዳር ልትቀር ነው።

"ገመዳ፣" አለች፣ "ቤንዚኑን የምጨምረው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በጀሪካን።"

ገመዳ ሳቀ። ቤንዚን እንዲቀዳ ብላ ይህን ያህል መፍጠሯ አስገርሞታል።

"አምስት ሊትር ቢጨመር መለኪያው ያሳየኝ ነበር እኮ፣" አላት።

ስድስት ዓመት በውሸት የከሰሰውን መለኪያ ምስክር አድርጎ ጠራባት። የመኪናው ስልክ ድምፁን ለሁሉም ያሰማ ነበርና እትዬ ሸዋሉል ከኋላ ሆነው፣ ልጄ ብንቀዳስ ምን እንዳይሆን ነው አሉ። ገመዳ በአክብሮት፣ እርስዎ አያስቡ፣ ማደያ ከገባን እንዘገያለን አላቸው።

መኪናው ኡፕላንድስ ቬስቢ በሚባለው የአውራ ጎዳናው መውጫ ላይ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቆመ። የሆነውን ለደሚቱ የነገሯት ራሳቸው እትዬ ሸዋሉል ናቸው፤ በታክሲ ተጣድፈው ከደረሱ በኋላ ከአውሮፕላኑ በር ላይ ደወሉላት። ገመዳ ለአሥር ደቂቃ ያህል መሪውን ይዞ መለኪያውን እያየ ተቀምጦ ነበር አሉ። እሳቸውም ከኋላ ትከሻውን መታ አድርገው፣ "ልጄ፣ ያለቀችብህ ደሚቱ ናት" ብለውታል።

ደሚቱ ስትመለስ ገመዳ ስለ መኪናው ቃል አልተነፈሰም። ጣቢያ ድረስ መጥቶ ሻንጣዋን ተቀበላት፤ ታንኩ ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ግን የቤንዚን ፓምፑ ተበላሽቶበት እንደቆመ ለወንድሞች መናገሩን ሰማች። ተቆጣች፤ ስድስት ዓመት የዋሸች ሰው መሆኗ ትዝ ሲላት ደግሞ ቁጣዋን ዋጠችው።

ነገሩ እንዲህ ተሸፍኖ ይቀር ነበር፤ ቶሎሳ ባይኖር። ጥር መጨረሻ ላይ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ወደ በረዶ መንሸራተቻው ሊሄድ መሆኑን እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ አወራ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ማደያ የሌለበት ረጅም ጫካ አለ፤ ዜሮ ቢልም ግድ የለም፣ በብርድ መቶ ሃያ ይሄዳል ብለዋል ጋሽ ገመዳ አለ።

ደሚቱ ባሏን አየችው። ገመዳ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

"ቶሎሳ፣ ቅዳ፣" አለ። "ግማሽ ሲሆን ቅዳ። ፓምፑ አልተበላሸም፤ ዋሽቻችኋለሁ። ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር የደሚቱ ነው።"

ከዚያ ሁሉን ተረከው፤ ጀሪካኑን፣ ብርዱን፣ ቬስቢን። የሴቶቹ ሳቅ እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማ ነበር። ወንዶቹ አልሳቁም። አንድ በአንድ ሰዓታቸውን እያዩ ተሰናበቱ፤ ደሚቱና ገመዳ ወደ ቤት ሲመለሱ ቅርብ ያለው ማደያ በምእመናን መኪና ተጨናንቆ አገኙት። ቶሎሳ ከፊት ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ይቀዳል።

ሶለንቱና ሊደርሱ ሲሉ ገመዳ፣ ለምን ይህን ሁሉ ጊዜ አልነገርሽኝም አላት።

"ነግሬህ ነበር፣" አለች። "በመጀመሪያው ቀን። ቤንዚን አንቀዳም ወይ ብዬህ ነበር።"

በዚያ ወር ደሚቱ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ወሰነች፤ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሊያለማምዳት። እዚህ አገር ለዚህም ኮርስ አለ፤ ለማጁም አለማማጁም አብረው ለሦስት ሰዓት ያህል ይማራሉ። ሁለቱ ከአሥራ ስምንት ዓመት ወጣቶችና ከወላጆቻቸው መሀል ተቀመጡ። አስተማሪዋ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ድካም፣ ስለ ተንሸራታች መንገድ አስረድታ ስታበቃ ጥያቄ ያለው አለ ወይ አለች።

ገመዳ እጁን አነሣ። ደሚቱ እጅጌውን ያዘችው። እሱ ግን የጠየቀው የቡና ዕረፍቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው።