ላልቶ የታሰረ ሰማያዊ ቀበቶ

ጭሮ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ሰው ምን እንደሚሠራ የታወቀ ነው፤ ወይ ይቅማል፣ ወይ የሚቅሙትን ያማል። እኔ ግን ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፣ ፀጉሬ ከፊት መሸሽ የጀመረ ሰውዬ፣ በዚያ ሰዓት አሮጌ የጫት መጋዘን ውስጥ ከሰው ጋር መሬት ላይ እንከባለል ነበር። እናቴ ስትሰማ፣ "ምን ነካህ? ጠብ አማረህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያናድደኝ ነበር።

ስፖርቱ የብራዚል ጁጂትሱ ይባላል። ቡጢ የለበትም። ተያይዞ መውደቅ፣ ከዚያ የሰውየውን ክንድ ወይም አንገት መቆለፍ ነው። የተቆለፈው ሰው ሲበቃው ባላጋራውን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ያደርገዋል፤ ያኔ ወዲያው ይለቀቃል። ወደ ከተማችን ያመጣው አቡዳቢ ለዓመታት ሠርቶ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ነው። መጋዘኑን ለምኖ አገኘ፣ ያረጀ ስፖንጅ ደርድሮ ሸራ አለበሰው፣ ስምንት ሰው ሰበሰበ። ጀማሪ ነጭ ቀበቶ ያስራል፤ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ ነው። ሰማያዊውን መስጠት የሚችለው ግን አሠልጣኛችን ሳይሆን አቡዳቢ የቀረው የእሱ መምህር ነበር።

ከስምንቱ ውስጥ እኔን የሚመጥነኝ አንድ ሰው ነው። ጫት አሳሪ ነበር። ቀንበጡን አስተካክሎ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ዙርባውን፣ የጫቱን እስር ማለት ነው፣ ሲጥ አድርጎ ሲያስር ገበያተኛው ቆሞ ያየዋል። "ዶክተር" ይለኛል፤ ነርስ ነኝ ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ መሰላችሁ! "ዶክተር፣ አንተን ዛሬ ማን ያክምሃል?" እያለ ያንቀኛል። ሁለት ዓመት ተናነቅን። በረመዳን እንኳን እየጾመ ይመጣ ነበር፣ "ብቻህን ከግድግዳ ጋር ልትታገል ነው?" ብሎ። ወንድም የለኝም፤ ቢኖረኝ እንደሱ የምወደው አይመስለኝም። አንድ ክፉ አመል ግን ነበረው፤ በቃኝ ማለት አይወድም። ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል።

አሠልጣኛችን ተመልሶ አቡዳቢ ሊሄድ ሆነ። ከመሄዱ በፊት ባለው እሑድ መምህሩ በስልክ በቪዲዮ እያየ እኔንና ጓደኛዬን ሊፈትነን ተስማማ። ያ እሑድ ካለፈን ሌላ ዕድል የለም። እንቅልፍ አጣሁ። ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ!

ማክሰኞ ስንለማመድ ክንዱን ጭኖቼ መሃል ቆለፍኩት። በቃኝ አላለም። እኔም አልጠበቅሁትም፤ ፈጣን ነኝ ለማለት ወገቤን ሽቅብ ገፋሁ። ክርኑ ቋ አለ። "አይ ዶክተር!" ብሎ ሣቀ፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

አሠልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ "ምን ይሻላል?" አለ። ሐኪም ቤት ማለት ነበረብኝ። እኔ ያሰብኩት ግን ባልደረቦቼ "ይሄ ትልቅ ሰውዬ ሰው ሰብሮ መጣ" ሲሉ ነው። ቀበሌው መጋዘኑን ሲዘጋው፣ እሑድ ሲቀርብኝ ታየኝ። ስለዚህ ጓደኛዬ ራሱ "ወጌሻ ጋ ውሰዱኝ፣ አባቴንም ያሹት እሳቸው ናቸው" ሲል እፎይ አልኩ። ወደ መሰላ ከተማ በሚወስደው መንገድ ያሉት ሽማግሌ ወጌሻ ጎትተው መለሱለት። ከዚያ ከብብቱ እስከ እጁ አንጓ በቀርከሃ ስንጥር ዙሪያውን አሰሩትና "ሰባት ቀን እንዳትነኩት" አሉ። እኛ ዘንድ በደንብ የታሰረ የሚባለው ጠብቆ የታሰረው ነው። ጓደኛዬ እንኳን አይቶ "እኔም እንዲህ አላስርም" ብሎ አደነቀ።

ነርስ ነኝ እኮ። እንዲያ የታሰረ እጅ ምን ሆኖ እንደሚመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የስንቱን እናት ተቆጥቻለሁ፣ "ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጡት!" ብዬ ጮኼያለሁ።

ሐሙስ ቤቱ ሄድኩ። ጣቶቹ አብጠዋል፣ ቀዝቅዘዋል። ቆነጠጥኩት። "አይሰማኝም፤ ሕመሙ ተወኝ፣ አልሐምዱሊላህ" አለኝ። እናቱን "ትንሽ ብናላላው ምን ይመስልዎታል?" አልኳቸው። "ሰባት ቀን ተባለ እኮ ልጄ። ከፈታነው ጠማማ ይቀራል" አሉ። እሺ አልኩ። ስንቱን ሰው በጩኸት ያሸነፍኩ ሰውዬ፣ ለእኚህ ደግ ሴት እሺ አልኩ። ከእሑድ በኋላ እፈታዋለሁ አልኩ ለራሴ። ሐሙስ ብፈታው ይተርፍ ነበር? አላውቅም። ማወቅም እፈራለሁ።

እሑድ ከቤቱ ተነሥቶ መጣ። ቀኝ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጥግ ተቀመጠ። "ጀባዱ ዶክተር!" ይለኛል፤ በርታ ማለቱ ነው። ስልኩን ብሎኬት ላይ አቆሙት፤ እኔም ሌላ ልጅ ያዝኩ። መሃል ላይ ላቤን ስጠርግ ጃኬቱ ተገለጠና ጣቶቹን አየኋቸው። ጠቁረዋል። ያንን ቀለም አውቀዋለሁ። ዓይኔን ወደ ስልኩ መለስኩ፤ ፈተናው እስኪያልቅም ታገልኩ።

መምህሩ ከስልኩ ውስጥ አጨበጨበ። የጓደኛዬን ያለፉ ቪዲዮዎች አይቷልና ለሁለታችንም ፈቀደ። አሠልጣኙ ሁለት ሰማያዊ ቀበቶ አወጣ። የእኔን ታጠቅሁ፣ የእሱን ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩለት፣ ፎቶም ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ነው ጓደኛዬን ደግፌ ጤና ጣቢያ ያስገባሁት። ተረኛዋ ባልደረባዬ ማሰሪያውን ስትቆርጠው ክፍሉ ሸተተ። ቀና ብላ አየችኝ። የዚያኑ ዕለት ሐረር ሆስፒታል ተላከ፤ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

ሁለት ወር ሙሉ ልጠይቀው አልሄድኩም። ለቅሶ ቤት እንኳን ቀርቼ የማላውቅ ሰው። በመጨረሻ ራሱ ደወለ። "ዶክተር፣ ቀበቶዬ አንተ ጋ ነው አሉ። አታመጣውም እንዴ?" አለ።

ስደርስ ግቢው ውስጥ የስፖርቱን ነጭ ልብስ ለብሶ ቆሟል። የቀኝ እጅጌው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከስቷል። "ፎቶ አንሣኝ፤ አሠልጣኛችን ላክልኝ ብሎኛል። ነጩን ቀበቶ በአንድ እጄ ሞክሬው ነበር፤ ወላሂ አይታሰርም" አለና ሣቀ። ስንቱን ዙርባ ያሰረ ሰው ወገቡን አቀረበልኝ። ተንበርክኬ ሰማያዊውን አሰርኩለት። አንድ እርምጃ ሲራመድ ተፈታ።

"ላላ እኮ። አጥብቀው እንጂ!" አለኝ።

ደግሜ አሰርኩ። ጫፎቹን ይዤ መሳብ አቃተኝ። እጄ እምቢ አለኝ፣ እንባዬ መጣ።

"እሑድ ዕለት ጣቶችህን አይቻቸው ነበር" አልኩት። "አይቼ ነው ዝም ያልኩት።"

"አውቃለሁ፤ ስታያቸው አይቼሃለሁ" አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፣ አጣሁ። "ያን ቀን ፈርቼ ነበር የመጣሁት፣ ላሳይህ ብዬ። ከዚያ አየህና ዝም አልክ። ዶክተር አይቶ ዝም ካለ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ ልቤ አረፈ።"

ከዚያ በግራ እጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "በል አሁን አጥብቀው" አለኝ።