ዮናስ ጃኬቱን ዘጋ

ዛሬ ዲኬተር ከተማ፣ ሀበሻ ሬስቶራንት ውስጥ፣ የገዛ አጎቴ ልጅ ዮናስ ካደኝ።

የበረዶ ላይ ሆኪ ያስለመደኝ እሱ ነው። በድራፍት፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት፣ አንደኛ ተመርጦ አሁን ቤንች ላይ የከረመውን አንድ ተጫዋች ልጅ "ይመለሳል፣ ታያለህ" እያለ ማልያውን ያስገዛኝም እሱ።

ዛሬ ልጁን አዲስ ቡድን ሊሞክረው ነው። የሬስቶራንቱን ባለቤት እትዬ አልማዝን ለምነን ቲቪውን ከኳስ ወደ ሆኪ አስቀየርን። (ኳስ ሲያይ የነበረው ሰው እንዴት እንዳየን አትጠይቁኝ።)

ልጁ ገና ከመግባቱ በረዶው ላይ ተዘረጋ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዞር ስል ዮናስ ጃኬቱን እሱም በለበሰው የልጁ ማልያ ላይ እስከ አንገቱ ዘግቶ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ "እሱ ጎትቶኝ ነው እንጂ እኔ ሆኪ አላውቅም" ይላል!

ትንሽ ቆይቶ ልጁ ጎል አገባ። ዮናስ ዚፑን ከፍቶ ሊያቅፈኝ መጣ።

ልጁስ ይመለስ ይሆናል። ዮናስን እንጃ።

እናንተስ ላይ ጃኬቱን የዘጋው ማን ነው?