እልል ያልንለት ጉልበት

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የወጣሁት። መድረክ ላይ ቆሜ አላውቅም፤ ንግግርም አይሆንልኝም። ነገር ግን በዚሁ ስፍራ የተሰጠ አንድ ምስክርነት ትክክል አልነበረም። እርሱን ሳላስተካክል የራሴን መመስከር አልችልም።

የልጅ ልጄን ቤዛን ታውቋታላችሁ። አምና እዚህ ቆማ፣ ጸልያችሁላት ጉልበቷ እንደዳነና በሩጫ ውድድር አንደኛ እንደወጣች ነገረቻችሁ። እልል አላችሁ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ እልል አላልኩም።

ያኔ አማኝ አልነበርኩም። የምመጣው እሷን ብዬ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሥራዬ ጨርቅ መመርመር፣ እንከኑን ፈልጎ ምልክት ማድረግ ነበር። ሰውንም የማየው እንደዚያው ነው። ቤዛ እናቷ ከሞተች ጀምሮ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር እኔ ዘንድ ነው ያደገችው፤ ከእሷ ሌላ የለኝም።

አሠልጣኟን ሁሉም ሰው ያመሰግነዋል። ልጆቹን ንጋት ላይ በሐርላ መንገድ ያስሮጣቸዋል። ጉልበቷን ባመማት ጊዜ እናንተ ጸለያችሁላት፤ እሱ ደግሞ በዚያው ሳምንት ጉልበቷ ላይ መርፌ ወጋት። እግሯን ስትታጠብ የተወጋችበትን አይቻለሁ። እዚህ ስትቆም ጸሎቱን ተናገረች፤ መርፌውን ግን ዘለለችው።

ሕመሙ ጠፋ። ከዚያ ሰውዬው ለሌላኛው ጉልበት፣ ለመሮጫ ኃይሏ፣ ሌላ መርፌ አመጣ። አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ትንሽ ብልቃጥ አገኘሁ። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ተፍቋል። ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ "ቫይታሚን ነው። አቦ እማማ፣ አታካብጂ" አለችኝ።

ቫይታሚን ከሆነ ስሙን ምን አስፋቀው? አሠልጣኙን መንገድ ላይ አስቁሜ ይህንኑ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። "እማማ፣ አንቺ ፖሊስ ነበር መሆን የነበረብሽ። ጉልበት ነው የምንሰጣት፤ ጉልበት ትጠያለሽ እንዴ?" አለኝ።

ዝም አልኩ። ሰፈሩ ሁሉ ይኮራባት ነበር፤ እኔም ተሳስቼ ብገኝ ደስ ይለኝ ነበር። በልቤ ግን፣ መርፌ በሠራው የሚመሰገን አምላክ ከሆነ ይቅርብኝ አልኩ። ይህን ብያለሁ፤ ጌታ ይቅር ብሎኛል።

ቅዱሳን፣ አንድ ረፋድ ላይ ቤዛ ከልምምድ ተመልሳ በራፉ ላይ ቁጭ አለች። መነሳት አቃታት። ባቷ አብጧል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጎረቤቴ ፋጡማ ባጃጅ ጠራችልኝና ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ምን እንደወሰደች ጠየቃት። ቫይታሚን አለች። ደግሞ ጠየቃት፤ መልሷ ያው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኙ መጣ። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጋዋ ላይ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር አላት። ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እማማ፣ ሐኪም ፊት ብዙ አይወራም። ስሟ አንዴ ከጠፋ አይመለስም" አለኝ። ያመጣውን ብርቱካን አስቀምጦ ሄደ።

ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። "እናቴ፣ ሳንባዋ ውስጥ ደም የረጋ ይመስለኛል። የምትደብቀኝ ነገር አለ። የወሰደችውን ካላወቅኩ በግምት ነው የማክማት፤ ጊዜ ደግሞ የለንም። እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?" አለኝ።

የለም አልኩት። ስሟ እንዳይጠፋ ብዬ ዋሸሁ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በቃሌ ከማውቀው ጸሎት ሌላ ጸልዬ አላውቅም ነበር። "ኢየሱስ ሆይ፣ የምትሰማ ከሆነ የዚህችን ልጅ አፍ ክፈት" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ወገኖቼ፣ መጀመሪያ የተከፈተው የእኔ አፍ ነው። ተነስቼ ገባሁና እሷ እየሰማች ሐኪሙን፣ "ዋሽቼሃለሁ። ስሙ የተፋቀ ብልቃጥ ቤቴ ውስጥ አይቻለሁ" አልኩት። ለእሷም፣ "ልጄ፣ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት፤ ይቅር በይኝ" አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ታውቂ ነበር?" አለችኝ። ከዚያ የመርፌውን ስም፣ ስንት ጊዜ እንደተወጋችና መቼ መቼ እንደሆነ አንድ በአንድ ለሐኪሙ ነገረችው። ስሙ ይባረክ!

ሐኪሙ መድኃኒቱ ኩላሊታቸው ለተጎዳ ሰዎች የሚሰጥ፣ ደም የሚያበዛ መሆኑን አስረዳኝ። ጤነኛ ልጅ ተወግታው በዚህ ሙቀት ስትሮጥ ደሟ ይወፍራል አለኝ። ከዚያ በኋላ በምን እንደሚያክማት ያውቅ ነበር። ጌታ በዚያ ሐኪም እጅ አተረፋት፤ ሁለቱንም አመሰግናለሁ። እኔም እዚያው አልጋዋ አጠገብ ጌታን ተቀበልኩ።

ከሆስፒታል እንደወጣች የስፖርት ኃላፊዎቹ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። አሁን ከውድድር ታግዳለች፤ እስከ መቼ እንደሆነ ገና አልተነገረንም። አሠልጣኙ ራሷ ገዝታ ነው የተወጋችው ይላል፤ ዛሬም ልጆች ያስሮጣል። አንዳንድ ወንድሞች ይህን እዚህ እንዳልናገር መክረውኛል፤ የማያምኑ ይስቁብናል ብለው። ይሳቁ። ጌታችን ባልሠራው ሥራ መመስገን አያስፈልገውም።

እኔ ዛሬም ሰውን ቶሎ አላምንም። ጌታን ግን አምኜዋለሁ፤ የእሷን አፍ እንዲከፍት ስለምነው የእኔን ውሸት አስቀድሞ ስላወጣልኝ።

እዚህ መካከል ልጆቻችሁ በዚያ ሰው እጅ ያሉ እናቶች አላችሁ። ስም አልጠራም። ፍሪጃችሁን ክፈቱ። ያያችሁትን አይታችሁ እንደ እኔ ዝም አትበሉ፤ በጌታ ታመኑና አስቀድማችሁ ተናገሩ። ቤዛ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ስንወጣ ጠይቋት፤ ትመልስላችኋለች።