ልጄን ስልክ ፊት ያቆምኳት ቀን

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ልጄ ናት፤ ዲላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። ሁለተኛዋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ናት፤ እናቷ መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀመች የምታሳድጋት ልጅ። ሦስተኛው ርዕሰ መምህሩ ነው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ጨለለቅቱ ቡና ማጠቢያ ሚዛን ላይ ቆሜ ያረጀሁ፣ ፊደልን ከጆንያ ላይ ጽሑፍ ራሴ የለየሁ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የተባልኩ ሰው። የማንንም ስም አልጽፍም። ስም ከእጅ ሲያመልጥ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

ልጄ ስልኳ ላይ ገጽ ነበራት። ትምህርቱን በአጭር በአጭሩ እያስረዳች ትለቅበታለች፤ የገደብ ወረዳ ተማሪዎች ሳይቀሩ ይከታተሏታል። እኔ አልወደድኩትም።

"አስተማሪ የሚታየው ሰሌዳ ፊት ነው" እላት ነበር።

"አባዬ፣ ሰሌዳው እኮ ኪስ ገባ" ትለኝና ትስቃለች።

ትጠነቀቅ ነበር። ከመልቀቋ በፊት ደጋግማ ታየዋለች፤ አለባበሷን፣ አነጋገሯን፣ ከጀርባዋ የሚታየውን ግድግዳ ጭምር። አንድ ቀን ግን ፈተና ስታርም "ደም ከልብ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?" ለሚለው ጥያቄ አንዲት ተማሪ "ወደ ሥራ ይሄድና ማታ ይመለሳል" ብላ መልሳ አገኘች። ሳቋ አመለጣት። ወረቀቱን እየቀረጸች አነበበችውና ለቀቀችው። ስም የለበትም፤ የእጅ ጽሑፉ ግን አለ። ልጅቷ ጽሑፏን አየች፤ በማግስቱ ከክፍል ቀረች።

ልጄ ምክንያቱን እንደሰማች ቪዲዮውን አጠፋችው። የዚያኑ ዕለት በእግሯ ቤታቸው ሄዳ እናትየዋ ፊት ይቅርታ ጠየቀች። እናትየዋ ሳቀች አሉ።

"ምን ዋሸች ታዲያ? እኔም ጠዋት ወጥቼ ማታ አይደል የምመለሰው? ነይ፣ ቁጭ በይ መምህር።"

ልጅቷ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ቪዲዮውን ያዩት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም ረሱት። ነገሩ አልቆ ነበር። ልጄ ራት ላይ የነገረችኝ ቀልሏት ነው። ሊያልቅ ያልቻለው እኔ ዘንድ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የበደለ ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ በደሉን በአፉ ይናገራል። ጉባኤው ይቅር ብሎ እጁን ይጨብጠዋል። ከዚያ ወዲያ ያንን በደል የሚያነሣ ሰው ራሱ ይገሠጻል። ብዙ ሰው በዚህ ሥርዓት አንገቱን ቀና ሲያደርግ አይቻለሁ።

"የበደልሽው ገጽሽ ላይ ነው፤ የምትናዘዢውም እዚያው ነው" አልኳት።

"አባዬ፣ ይቅርታ ጠይቄ የለም እንዴ?"

"ጓዳ ውስጥ የተጠየቀ ይቅርታ ግማሽ ነው።"

"ስልክ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። እዚያ እጅ የሚጨብጥ ሰው የለም።"

"የምትሳሺው ለስምሽ ነው ለነፍስሽ?"

ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። በእኛ ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ እንደሌለ አውቅ ነበር፤ የጠየቅኳትም ለዚያ ነው። ስልኩን የያዝኩላት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ከድንጋጤ የተነሣ ፈገግ አለች። "ድገሚው" አልኳት። ሁለተኛ አለቀሰች። "እንባ ሰው ማባበያ ነው፤ ድገሚው።" በሦስተኛው ፊቷ እንደ ግድግዳ ሆነ፤ ደስ አለኝ። የተሸሸገ ነገር እንዳይኖር ብዬም የተማሪዋን መልስ ቃል በቃል አስነበብኳት፤ ልጅቷ አፍራ ከክፍል መቅረቷን ጭምር አስነገርኳት።

ገጿ ላይ ለቀቀችው። አንዱ ቪዲዮውን ቆርጦ ከሥሩ የሳቅ ድምፅ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ከይርጋጨፌ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ የልጄን ድምፅ ከሰው ስልክ ሰማሁ።

"ይቺን ነው መምህር ብለው ደሞዝ የሚከፍሏት?" አለች አንዷ።

"ተማሪዋ ግን ልክ ናት" አለ ረዳቱ፤ "የኔም ደም ሥራ እንደሄደ ቀረ!"

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ልጄ ናት አላልኩም። መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

ተማሪዎቹ ያን ቀን ከክፍል የቀረችው ማን እንደሆነች ለማስታወስ ብዙ አልለፉም። ልጅቷ በበሩ ስትገባ "ደምሽ ከሥራ ገባ?" ይሏታል፤ ስትወጣ "ለደምሽ ራት አቆዪለት!" ይሏታል። ሁለት ሳምንት ቻለችው። ከዚያ ደብተሯን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ቀረች።

ልጄ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ስትቀርብ ርዕሰ መምህሩን ልለምን ሄድኩ። ስልኩን አውጥቶ የኑዛዜውን ቪዲዮ አሳየኝ።

"ጋሼ፣ የመጀመሪያውን አንድም ሰው አላመጣልኝም። ያለኝ ማስረጃ ይኸው ነው፤ በራሷ አንደበት።"

"ንስሐ እኮ ነው!"

"ለእርስዎ ንስሐ ነው፤ ለኮሚቴው የእምነት ቃል ነው። ለመሆኑ ማን ቀረጸላት?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ምስክርም አለን ማለት ነው" አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ልጄ ከማስተማር ታግዳ የመጻሕፍት ማከማቻ ክፍል ተመደበች። ገጿን ዘጋችው። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

የከፈልነው ሲደመር ይኸው ነው። ርዕሰ መምህሩ አስተማሪ አጣ፤ የልጄን ክፍሎች ዛሬ የስፖርት አስተማሪው መጽሐፍ እያስገለበጠ ይጠብቃቸዋል። ልጄ ሰሌዳዋን አጣች። ተማሪዋ እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ቡና ትለቅማለች፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። እኔ የራት ላይ ወሬ ቀረብኝ። ሽምግልናዬ እንዳለ ነው፤ እሑድ እሑድም ከፊት እቀመጣለሁ። ከአራታችን ጥቂት የከፈልኩት እኔ ነኝ።